በጆንያው ላይ ያልተጻፈው ስም

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ውጫሌን አልፎ መርሳ ከመድረሱ በፊት የምትገኘው ውርጌሳ ለችኩል መንገደኛ የአንድ ሻይ ዕረፍት ያህል ብቻ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ልትመስል ትችላለች። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በድርቅና በረሃብ ያልቅ በነበረበት ወቅት ከአሰብ ወደብ ተነሥተው በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ደጋው የወጡት፣ ከደሴም ወደ ሰሜን የቀጠሉት የርዳታ እህል የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች ያለፉት በዚሁ ጎዳና ነው። ዛሬ ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ የአካባቢው ነዋሪዎች ጆንያውን አይረሱትም። የተጨባበጡ ሁለት እጆች፣ ከበላያቸው ኮከቦች፣ ግራና ቀኝ ማንም የማያነበው የባዕድ ፊደል። ስንዴው ካለቀ በኋላ ጆንያው ለሕፃን ልብስ፣ ለጎጆ ክዳን፣ ለምኝታ ሆኖ አገልግሏል። የዘይቱ ቆርቆሮ ደግሞ እስከ ብዙ ዓመታት ድረስ ውኃ ተቀድቶበታል።

በጆንያው ላይ የታተመው ጽሑፍ ሲተረጎም፣ እህሉ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ መሆኑንና መሸጥም ሆነ መለወጥ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ነበር። የመጀመሪያው ነገር እውነት ነው። ግብሩን የከፈለው የአሜሪካ ሠርቶ አደር ሕዝብ ስለሆነ ምስጋናችን ሳይሸራረፍ ሊደርሰው ይገባል። ሁለተኛው ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ያ ስንዴ በወሎ ገበያ እንዳይሸጥ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከአገሩ ከመነሣቱ በፊት ዋሽንግተን ላይ ሦስት ጊዜ ተሸጧል፤ አንድ ጊዜ በእህል ከበርቴው፣ አንድ ጊዜ በመርከብ ባለቤቱ፣ አንድ ጊዜም በምክር ቤት አባሉ። የእነዚህ የሦስቱ ስም በጆንያው ላይ አልተጻፈም።

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት፣ በተራ ቁጥሩ «ሕግ 480» እየተባለ የሚጠራው አዋጅ ኋላ ላይ «ምግብ ለሰላም» የሚል ያማረ ስም ይሰጠው እንጂ፣ የመጀመሪያ ስሙ የእርሻ ንግድ ማስፋፊያና ርዳታ ሕግ ነበር። ንግዱ ቀድሞ ርዳታው የተከተለው በስሙ ላይ ሳይቀር መሆኑን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። የኮሪያ ጦርነት ካበቃ በኋላ የአሜሪካ ጎተራዎች ገዢ ባጣ ስንዴ ተጨናንቀው ነበር፤ ዋጋው እንዳይወድቅ ትርፉ ከአገር መውጣት ነበረበት። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ሌላ ሕግ ተከተለ። መንግሥት ወደ ውጭ ከሚልከው ጭነት ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጓጓዝ የሚያዝ ሕግ። የእነዚህ መርከቦች የጭነት ዋጋ ከዓለም ገበያው ዋጋ በእጅጉ የናረ፣ ብዙ ጊዜም እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ የእህል ከበርቴውና የመርከብ ከበርቴው በአንድ ክረምት በአንድ ጆንያ ላይ ተፈራረሙ ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ አሠራር እንዴት ጉቦ ሳይባል ሕግ ሊባል እንደሚችል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሌላው አገር እድር፣ በወሎ ግን ቅሬ የምንለውን ማኅበር እንውሰድ። የቅሬው ዳኛ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል እንበል። ለመመረጥ ግን በየመንደሩ መደገስ የማይቀር ልማድ ሆነ እንበል። ዳኛ ለመሆን የሚሻው ሰው ለድግሱ የሚበቃ ጥሪት የለውምና ድንኳን አከራዩ ነጋዴ በሬውን ገዝቶ ይጥልለታል። ሰውዬው ይመረጣል። በማግሥቱ ቅሬው ሲሰበሰብ፣ ለሐዘን ከሚተከሉት አራት ድንኳኖች ሦስቱ ከዚሁ ነጋዴ በእጥፍ ዋጋ እንዲከራዩ የሚያዝ መተዳደሪያ ደንብ ይወጣል። ነጋዴው ለዳኛው ጉቦ አልሰጠም፤ የደገሰው ድግስ ነው። ዳኛውም ከቅሬው ሣጥን ሳንቲም አላነሣም፤ ያወጣው ደንብ ነው። ሁለቱም በአደባባይ ቀና ብለው ይሄዳሉ። የሚከፍለው ሬሳ የወጣበት ቤት ነው።

የአሜሪካ የቡርዧ ዴሞክራሲ የሚሠራው በዚህ መልክ ነው። ከተወካዮች ምክር ቤት 435 አባላት እያንዳንዱ በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ የሚቀርብ በመሆኑ፣ የተመረጠበት ዕለት ማግሥት ለቀጣዩ ምርጫ ገንዘብ የሚሰበስብበት የመጀመሪያ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተካሄደው የፕሬዚዳንትና የኮንግረስ ምርጫ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 1968 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ለምርጫ የሚወጣ ገንዘብን መገደብ የመናገር ነፃነትን መገደብ ነው ሲል ወሰነ። ጥር 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ዳኞች በአራት ላይ አይለው ኩባንያዎች በምርጫ ላይ ያለ ገደብ ገንዘብ እንዲያፈሱ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ገንዘብ አንደበት ነው ከተባለ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን እንደሚባል ፍርድ ቤቱ አልተናገረም።

ከምርጫው ማዶ ደግሞ ሎቢ የሚባለው፣ እኛ ጉዳይ አስፈጻሚ ልንለው የምንችለው ሠራዊት አለ። ይህ ሠራዊት የምክር ቤት አባላትን ደጅ የሚጠናበት ወጪ በአሁኑ ዘመን በየዓመቱ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሥራው ሕጋዊ ነው፤ ይመዘገባል፤ ሒሳቡም ይታተማል። ጸሐፊው ይህን የሚለው ለማሞገስ አይደለም። በሌላ አገር በጨለማ የሚደረገው እዚያ በብርሃን እንደሚደረግ፣ ብርሃኑም አድራጎቱን እንዳላስቆመው ለማሳየት ነው።

ከእህል ከበርቴዎቹ መካከል አንዱን በስም ማንሣት ይጠቅማል። አርቸር ዳንየልስ ሚድላንድ የተባለውን ግዙፍ የእህልና የአኩሪ አተር ኩባንያ ለብዙ ዓመታት የመሩት ድዌይን አንድሪያስ ለዴሞክራቱ ለሁበርት ሀምፍሪ የቅርብ ወዳጅና ገንዘብ ለጋሽ ነበሩ። ለሪፐብሊካኑ ለሪቻርድ ኒክሰንም ሰጡ። በ1964 ዓ.ም. ለኒክሰን የምርጫ ዘመቻ የለገሱት 25,000 ዶላር በዋተርጌት ሕንፃ የዴሞክራቶችን ቢሮ ሰብረው ሲገቡ ከተያዙት ሰዎች በአንደኛው የባንክ ሒሳብ ውስጥ ተገኘ። ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ወዳስወረደው ቅሌት ከመሩት ፍንጮች አንዱ ይኸው የእህል ነጋዴ ገንዘብ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ወደቁ፤ ኩባንያው ግን አላነከሰም፤ ለምግብ ርዳታ እህል ከሚሸጡት ዋና ዋና ኩባንያዎች አንዱ ሆኖ ቀጠለ። በ1989 ዓ.ም. ከተፎካካሪዎቹ ጋር ዋጋ በመመሳጠር ጥፋተኝነቱን አምኖ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። በግራም በቀኝም የሚቀልብ ነጋዴ ማን ቢመረጥ አይከስርም።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. እንመለስ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ዋሽንግተን ላይ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በወሎ ሕዝብ ጆሮ በሚገባ አልደረሰም።

በመጀመሪያ በ1976 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ለአፍሪካ ረሃብተኞች የ150 ሚሊዮን ዶላር አስቸኳይ ርዳታ አጸደቀ። ሰነዱ ሴኔት ሲደርስ ግን በላዩ ላይ ለኤል ሳልቫዶር የጦር ርዳታና የኒካራጓን አብዮት በመሣሪያ ለሚወጉት ኮንትራዎች የሚውል ገንዘብ ተለጠፈበት። የረሃብተኛው ጆንያ የቅጥረኞችን ጥይት እንዲሸከም ተደረገ። ክርክሩ ሲጓተት ከርሞ በመጋቢት 90 ሚሊዮኑ ተነጥሎ ሲለቀቅ፣ የቀረው 60 ሚሊዮን እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ በክርክሩ መሐል ታስሮ ቆየ። በእነዚያ ወራት በወሎ የበልጉ ዝናብ ጠፍቶ ነበር።

በዚህ ላይ ራሳችንን ነፃ ማውጣት አይቻልም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት የወሎን ረሃብ ከዓለም ሸሽጓል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ ረሃብተኛው በዚህ ጎዳና ዳር እየወደቀ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብራለች። ይህንን ሳያነሡ ስለ ዋሽንግተን ብቻ መጻፍ የራስን ደጅ ሳይጠርጉ የጎረቤትን ማሳየት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። በየካቲት 1977 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት፣ የእርሻ ሚኒስቴሩ ስንዴ በብድር ወደ ውጭ ለመሸጥ ያቋቋመው የንግድ መርሐ ግብር ጭምር በአሜሪካ መርከቦች መጓጓዝ አለበት ሲል ፈረደ። የእህል ከበርቴዎቹ ተቆጡ። መርከቡ ሲወደድ ስንዴያቸው በዓለም ገበያ ሊወደድ ነውና። የመርከብ ከበርቴዎቹ ደግሞ ፍርዱን ይዘው አንለቅም አሉ። ሁለቱም ወገኖች በኮንግረስ ውስጥ ወዳጆች ነበሯቸው፤ ሁለቱም ለወዳጆቻቸው ከፍለዋል። ታዲያ እንዴት ታረቁ? ለንግድ የሚሸጠው ስንዴ ከግዴታው ነፃ ይውጣ፤ በለውጡ ለረሃብተኛ ከሚላከው ርዳታ በአሜሪካ መርከብ መጫን ያለበት ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 75 በመቶ ይደግ ተባለ። ፕሬዚዳንት ሬገን ይህንን ውል የያዘውን የእርሻ ሕግ የፈረሙት ታኅሣሥ 14 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው። የሕጉ ስም «የምግብ ዋስትና ሕግ» ይባላል።

ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ደንበኛ መርከቡን አልፈልግም የማለት መብት አለው፤ በነፃ የሚቀበለው ረሃብተኛ ግን የለውም። ሁለት ባለጸጎች ተጣልተው የዕርቁን ካሣ ያስከፈሉት በድርድሩ ላይ ያልነበረውን ሦስተኛ ወገን ነው። የሰሜን ወሎ ገበሬ ሬሳውን ቀብሮ ሳይጨርስ፣ የሚቀጥለው ረሃብ እህል በየትኛው መርከብ እንደሚመጣ ተወስኖ አለቀ። ከውርጌሳ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በምትገኘው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ይናገር እንደነበር የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ ውል ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ነበርና ምኒልክ አንብበው ሊሽሩት ችለዋል። ይህኛው በእኛ ቋንቋ ጭራሽ አልተጻፈም።

ውጤቱ ምን ነበር? የኮንግረሱ የራሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ትልቁ የአሜሪካ የምግብ ርዳታ መርሐ ግብር ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ውስጥ 65 ያህሉ ለማጓጓዣና ለልዩ ልዩ ወጪ እንደሚውል፣ ለእህሉ የሚተርፈው 35 ያህሉ ብቻ መሆኑን ገለጸ። በአምስት ዓመት ውስጥ የተላከው የእህል መጠን በ52 በመቶ ቀንሶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ያው መሥሪያ ቤት በድጋሚ ሲመረምር፣ እህሉ ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ አገሮች ቢገዛ ዋጋው በ34 በመቶ እንደሚረክስ፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ለመድረስ በአማካይ 147 ቀን ሲፈጅ በአገር ውስጥ የሚገዛው ግን 35 ቀን ብቻ እንደሚፈጅ አረጋገጠ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የመርከቡ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓመት ብቻ 140 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወጪ እንዳስከተለ አስልተዋል። የአሜሪካን ባንዲራ ከሚያውለበልቡት መርከቦች በርካቶቹ በስተመጨረሻ የውጭ ኩባንያ ንብረት መሆናቸው ደግሞ ነገሩን አስቂኝ ያደርገዋል፤ ከእነዚህ መካከል ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ ድርጅት ይገኝበታል። ባንዲራው የአሜሪካ፣ ኪሱ የኮፐንሃገን።

147 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለሀብሩ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በሰኔ ጎተራው ተራግፎ የሚራብ ሰው እህሉ የሚደርስለት በኅዳር፣ ማሽላው ሲታጨድ ነው። ሲያስፈልግ ያልነበረው ስንዴ የራሱ ምርት ገበያ በሚወጣበት ሳምንት ይመጣል፤ የምርቱንም ዋጋ ይሰብራል።

ይህ ግምት አይደለም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥሩ ምርት ተገኝቶ፣ በተለይ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ በመውደቁ በጎጃምና በወለጋ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በተከታዩ ዓመት ብዙዎች ማዳበሪያ አንገዛም አሉ። ከዚያ ድርቁ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ለኢትዮጵያ የላከችው የምግብ ርዳታ ዋጋ ከ500 ሚሊዮን ዶላር የበለጠ ሲሆን፣ ገበሬው ራሱን እንዲችል ለእርሻ ልማት የሰጠችው ግን ከ5 ሚሊዮን ዶላር አልበለጠም። መቶ ለአንድ። ከጅቡቲ የሚመጡት የጭነት መኪኖች የአሜሪካን ስንዴ ጭነው በአዳማ በኩል ሲያልፉ፣ በመንገዱ ዳር ባሉት መጋዘኖች ነጋዴዎቻችን ገዢ ያጡትን እህል ታቅፈው ይመለከቱ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ያንን እህል እንዳይገዛ ይከለክል ነበር፤ የአዳማ ነጋዴ በካንሳስ ምርጫ ድምፅም ገንዘብም የለውምና።

እዚህ ላይ ነገሩን የከበርቴዎች ሴራ ብቻ አድርጎ መተው እውነቱን ማቅለል ይሆናል። ይህንን ሕግ ከጠበቁት መካከል የአሜሪካ መርከበኞች የሠራተኛ ማኅበራትም ነበሩ። የሥራ ቦታቸው በመርከቡ ላይ ነውና ከአሠሪዎቻቸው ጎን ተሰልፈው ምክር ቤቱን ወተወቱ። አንድን የሠራተኛ ክፍል በትንሽ ፍርፋሪ ከሌላው አገር ጭቁን ማለያየት የካፒታል የቆየ ጥበብ መሆኑን የሠራተኛ ማኅበራት አባላት የሆኑ አንባብያን ከሌላው በተሻለ ይረዱታል። የተወሰኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ነበሩ። የርዳታውን እህል በድሃ አገር ገበያ እየሸጡ በገንዘቡ የራሳቸውን ፕሮጀክት ያካሂዱ ስለነበር ለውጡን አልወደዱትም። ከእነርሱ መካከል ኬር የተባለው ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ከዚህ አሠራር እንደሚወጣ አስታወቀ። በዓመት 45 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገቢ የሚያስቀር ውሳኔ ነበር። እንዲህ ያለውን ድርጅት ማመስገን ይገባል፤ ብዙ ተከታይ አለማግኘቱንም እንዲሁ ማስታወስ።

ሁለት ፕሬዚዳንቶች ነገሩን ለማሻሻል ሞክረዋል። ጆርጅ ቡሽ በ1997 ዓ.ም. ከርዳታው በጀት ጥቂቱ እንኳ ለረሃብተኛው ቅርብ ከሆነ ገበያ እህል እንዲገዛበት ጠየቁ፤ ኮንግረሱ እምቢ አለ። ባራክ ኦባማ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከዚያ ሰፋ ያለ ሐሳብ አቀረቡ። የእህል፣ የመርከብና የሌሎችም ባለጥቅሞች ጉዳይ አስፈጻሚዎች በአንድነት ተነሡ። ሰኔ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩት ሪፐብሊካኑ ኤድ ሮይስና ዴሞክራቱ ኤልየት ኤንግል የማሻሻያ ሐሳቡን ለድምፅ አቀረቡት። 203 ደገፉ፤ 220 ተቃወሙ። ዘጠኝ ሰዎች አሳባቸውን ቢለውጡ ኖሮ ያልፍ ነበር። በአፍሪካ ስንት ሕፃን በዚያች ቀን ድምፅ ተሰጠበት ብሎ የጠየቀ የለም። መርከቡን በሚመለከት እስከዚያን ጊዜ የተገኘው ማሻሻያ በ2004 ዓ.ም. ድርሻው ከ75 በመቶ ወደ ጥንቱ 50 በመቶ መመለሱ ብቻ ነበር።

የሚስተር ሮይስ ታሪክ በዚያ ቢያልቅ መልካም ነበር። ለረሃብተኛው የተከራከሩት እኚህ ሰው በ2011 ዓ.ም. ከምክር ቤቱ ሲሰናበቱ ብራውንስታይን ወደተባለው የጉዳይ አስፈጻሚዎች ድርጅት ገቡ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የግብፅ መንግሥት ይህንን ድርጅት በወር 65,000 ዶላር ሲቀጥር፣ ለግብፅ ጉዳይ ከተሰለፉት ሰዎች መካከል የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ይገኙበት ነበር። ወሩ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተካሄደ በአምስተኛው ወር ገደማ፣ አሜሪካ በግድቡ ምክንያት ከኢትዮጵያ ርዳታ በከለከለች ማግሥት መሆኑን ልብ ይሏል። ሚስተር ሮይስ ሕግ አልጣሱም። በሩን የከፈተው ሕጉ ራሱ ነው፤ በምክር ቤት የተከማቸ ዕውቀትና ወዳጅነት ከምክር ቤት ሲወጣ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል።

ሕግ የጣሰው ሌላው ነው። የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አውራ ዴሞክራት የነበሩት ሮበርት ሜኔንዴዝ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ለውጭ ጉዳይና ለገንዘብ ሚኒስትሮቹ በጻፉት ደብዳቤ፣ በግድቡ ድርድር መቆም ማሳሰባቸውን ገልጸው አሜሪካ ይበልጥ እጇን እንድታስገባ አሳሰቡ። ደብዳቤው ኋላ በቀረበባቸው የክስ መዝገብ ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። በ2014 ዓ.ም. ቤታቸው ሲፈተሽ ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ በኮት ኪስና በጫማ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ከወርቅ ጡቦች ጋር ተገኝቷል። ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በቀረቡባቸው 16 ክሶች ሁሉ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ለግብፅ መንግሥት ወኪል ሆኖ መሥራት ከክሶቹ አንዱ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. 11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ወርቁን በቤት ያከማቸው ታሰረ። በደረሰኝ የሚቀበለው ግን ቢሮው ክፍት ነው።

እኛስ? እኛም ከዚያው ገበያ ገዝተናል። የተወካዮች ምክር ቤት መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የሰብአዊ መብት አያያዝ የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ባሳለፈ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ድርጅት ቀጥሮ ነበር። ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ የምክር ቤቱ የቀድሞ የአብላጫው ፓርቲ መሪ ዲክ አርሚ ነበሩ። ረቂቁ በሴኔት ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ድርጅት በወር 150,000 ዶላር ተቀጠረ። ያ ገንዘብ ከማን ግብር እንደተከፈለ የውርጌሳ ሱቅ ባለቤትም፣ መምህርም፣ ገበሬም ያውቀዋል። በርዳታ ስንዴ የሚኖር ወገን ያለው አገር ለዋሽንግተን ጉዳይ አስፈጻሚ በዶላር ሲከፍል ማየት ለዚህ ጸሐፊ ከወርቅ ጡቡ ይልቅ የሚያሳፍር ነው።

ወደ ጆንያው እንመለስና ነገራችንን እንቋጭ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተካሄደው ምርጫ ኢሎን መስክ የተባለው የዓለም ቀዳሚ ባለጸጋ ዶናልድ ትራምፕንና ሪፐብሊካኖችን ለማስመረጥ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ማንም ያልመረጠው ይኸው ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንዲያራግፍ ሥልጣን ተሰጥቶት፣ የተጨባበጡት እጆች ምልክት ባለቤት የሆነውን የአሜሪካን የርዳታ ድርጅት ማፍረስ ጀመረ። የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የድርጅቱ ዋና ተቆጣጣሪ በየወደቡ፣ በየመርከቡና በየመጋዘኑ የቆመ ከ489 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ምግብ ለብልሽትና ለዝርፊያ መጋለጡን የሚገልጽ ሪፖርት አወጡ። በማግሥቱ ከሥራ ተባረሩ። ድርጅቱም ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተዘጋ።

በዚያ ሳምንት ኮንግረሱ ውስጥ ድምፃቸውን ካሰሙት መካከል የካንሳስ እንደራሴዎች ነበሩ። ካንሳስ ስንዴና ማሽላ አምራች ግዛት ናት፤ በአሜሪካ ማሽላ በብዛት የሚመረተው በእርሷ ነው። እንደራሴዎቹ «ምግብ ለሰላም» ከሚፈርሰው ድርጅት ወጥቶ ወደ እርሻ ሚኒስቴር እንዲዛወር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። የካንሳስ ገበሬ ምርቱ ወደብ ላይ ቆሞበታልና ጩኸቱ ተገቢ ነው። ድምፅ አለው፤ ማኅበር አለው፤ በዋሽንግተን ቢሮ አለው። በዚያው ማሽላ የሚኖረው፣ በዚያው የካቲት የበልጉን ዝናብ ይጠባበቅ የነበረው የሀብሩ ገበሬ ግን ስለ ረቂቁ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከጭነቱ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ ይጫን የሚለው አንቀጽም በቦታው እንደነበረ ነበር።